ያውቁ ኖሯል? ያለ ኮንዶም «አንድ ቀን ብቻ» ምን ያህል ያሰጋል?

የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ግምት እንደሚያሳየው፣ ኤችአይቪ በደሙ ካለና መድኃኒት ካልጀመረ ወንድ ጋር ያለ ኮንዶም በብልት በኩል በሚደረግ ግንኙነት ቫይረሱ ወደ ሴቷ የሚተላለፈው ከ10,000 ጊዜ 8 ያህል ነው።

ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ አማካይ ግን ክፉኛ ያዘናጋል። ሰውየው የተያዘው በቅርብ ሳምንታት ከሆነ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን እጅግ ስለሚያሻቅብ፣ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በዚያ ሰሞን የሚሰማው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ጉንፋን መስሎ ያልፋል፤ የደም ምርመራውም ገና «ነፃ» ሊለው ይችላል። ሁለቱም ሳያውቁት ቫይረሱ ሊተላለፍ ይችላል ማለት ነው። የአባላዘር ቁስል ካለ ደግሞ ይብሳል።

መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ይፋ በሆነ የአውሮፓ ጥናት፣ አንዱ ቫይረሱ ያለበት ሌላው የሌለበት 888 ጥንዶች 58,000 ጊዜ ያህል ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርገው፣ የቫይረሱ መጠን በመድኃኒት ዝቅ ብሎ ስለነበር ከአንዱ ወደ ሌላው የተላለፈበት አንድም አጋጣሚ አልተገኘም።

ኮንዶም ቢቀደድ ወይም ሳይደረግ ቢቀር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመርና ለ28 ቀናት የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ሄደው ይጠይቁ።