በመድኃኒት ዕፀዋት ውስጥ የሚገኘው ጨረር

ምች ለመታው ዳማ ከሴ፣ ሆዱን ለቆረጠው ጤና አዳም መስጠት በአገራችን ቤቶች ሁሉ የታወቀ ልማድ ነው። በእነዚህ ዕፀዋት ውስጥ ጨረር ይገኛል ሲባል የሰማ ሰው ግን ይደነግጣል። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን መኖሩን ብቻ ሳይሆን መጠኑንም ማወቅ ይገባል።

ዩራኒየም የተባለው ማዕድን ከራሱ ጨረር የሚያወጣ መሆኑን በ1888 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1896) የገለጸው ፈረንሳዊው ሊቅ ሄንሪ ቤክሬል ነው። በስሙ የተጠራው መለኪያ፣ 1 ቤክሬል፣ በአንድ ሴኮንድ አንድ አቶም ይፈርሳል ማለት ነው። እንደ ዩራኒየም ያሉ ማዕድናት ምድር ከተፈጠረች ጀምሮ በአፈር ውስጥ ስላሉ ተክል ሁሉ ምግቡን ሲስብ ጥቂት ጥቂት ይወስዳል።

ከሁሉ አብዝቶ የሚወስደው ፖታሲየምን ነው፤ ከዚህም ከ10,000 አቶሞች አንዱ ያህል ጨረር ይሰጣል። የ1 ግራም ፖታሲየም ጨረር 31 ቤክሬል ያህል ነው። እንግዲህ በ1 ኪሎ ደረቅ ቅጠል ውስጥ 20 ግራም ፖታሲየም ቢኖር 620 ቤክሬል ይሆናል። ቁጥሩ ያስፈራል፤ ዳሩ ግን ለአንድ ስኒ በሚፈላው 2 ግራም ቅጠል ውስጥ የሚኖረው ከ1 ቤክሬል ጥቂት የሚበልጥ ነው። በጎልማሳ ሰው አካል ውስጥ ግን ከፖታሲየም ብቻ 4,000 ቤክሬል ያህል ዘወትር አለ፤ ሰውነትም ከሚፈልገው በላይ የሆነውን ፖታሲየም በሽንት ያስወጣዋል።

ከዚህ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ፖሎኒየም ነው። ከመሬት የሚወጣው ራዶን የተባለ ጋዝ በአየር ላይ ሲፈርስ ከእርሱ የሚወለዱት እርሳስና ፖሎኒየም በቅጠል ላይ ያርፋሉ። ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ይህንኑ ወደ ሳንባው ይስባል። ስለዚህ ቅጠልን በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ሥርንም ከአፈሩ አጥርቶ ማጽዳት መልካም ነው።

የተለቀመበት ስፍራም ይታሰብበት። በ1978 ዓ.ም. (1986) በቼርኖቢል የአቶም ኃይል ጣቢያ በደረሰው አደጋ ሴዚየም የተባለው ንጥረ ነገር በአውሮፓ ደኖች ላይ ወረደ። ግማሹ ለመጥፋት 30 ዓመት ያህል ስለሚፈጅ፣ የዱር እንጉዳይ በአንዳንድ አገር እስከ ዛሬ ይመረመራል። ይህ ግን ሰው ያመጣው እንጂ የተፈጥሮ ጨረር አይደለም።

እንግዲህ በስኒ ውስጥ ካለው የተፈጥሮ ጨረር ይልቅ የሚያሠጋው የመድኃኒቱ የራሱ ኃይል ነው። ኮሶ ከመጠን አልፎ ሲጠጣ የዓይን ብርሃን ሊያጠፋ ይችላል፤ ጤና አዳምንም ነፍሰ ጡር ሴት እንደ መድኃኒት አብዝታ ብትወስደው ፅንሷን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ዕፁን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ይልቀመው፤ ከመኪና መንገድና ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ አይቀጠፍ። ለሕፃን ሲሰጥ ሐኪም አስቀድሞ ይጠየቅ፤ በሽተኛውም ሐኪም ቤት ሲሄድ ምን ዓይነት ቅጠል እንደ ጠጣ ሳይሸሽግ ይናገር።