«ውሃ ትፈልጋለህ?»

የአምስት ዓመት ልጅ እናቱን እጇን ይዞ እየጎተተ ፍሪጁ ጋ ያደርሳታል። ቀና ብሎ ፊቷን አያይም። መዳፏን ያነሳና እጀታው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ «ውሃ ትፈልጋለህ?» ይላል። እናትየዋ ምድጃ ላይ የጣደችው ወጥ እንዳያርርባት ቸኩላለች። «እኔ አልጠማኝም፣ ልቀቀኝ» ብላ እጇን ታስለቅቃለች። ልጁ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ይጮኻል። ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤት «አሳዳጊ የበደለው» ትላለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

እናቱን እየጠየቃት ቢሆን ኖሮ «ትፈልጊያለሽ» ይላት ነበር። «ትፈልጋለህ» ያለው ቃሉን የሰማው ለእሱ ሲባል ስለሆነ ነው። በጠማው ቁጥር ይህ ድምፅ ይሰማል፣ ብርጭቆም ይመጣል፤ ድምፁ የውሃ ስም ሆነ ማለት ነው። እንዲህ እንደ ገደል ማሚቶ መመለስ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ዘንድ የተለመደ ነው። ሊዮ ካነር የተባለው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ሲጽፍ «እኔ»ንና «አንተ»ን እንደሚያቀያይሩ መዝግቦ ነበር። በእንግሊዝኛ ተውላጠ ስሙ ለብቻው ስለሚቆም ወዲያው ይታያል፤ የእኛው ግን ግሡ ውስጥ ተደብቆ ያልፋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጥያቄውን ትቶ፣ ልጁ ሊለው የሚገባውን ቃል በእሱ ቦታ ሆኖ መናገር። «ውሃ ስጪኝ» ብሎ ወዲያው ውሃውን መስጠት፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። አጭር ቃል ይሻላል። ከተናገሩ በኋላ ደግሞ በልብ እስከ አሥር እየቆጠሩ መጠበቅ ያስፈልጋል። ለእኛ ለወሬ ወዳዶቹ ይሄኛው ይከብደናል፤ ልጁ የሰማውን ሳያብላላ ሌላ ጥያቄ እንደርብበታለን።

ጭራሽ የማይናገሩ ልጆችም አሉ። ለእነሱ የራሳቸውን ኩባያ፣ የራሳቸውን ጫማ፣ የሰፈሩን ዥዋዥዌ በስልክ ፎቶ አንስቶ ማሳተምና ካርቶን ላይ መለጠፍ ይቻላል። ልጁ የኩባያውን ፎቶ ሲሰጥ ውሃ ያገኛል። ጫማና ዥዋዥዌ ጎን ለጎን ሲለጠፉ ደግሞ «መጀመሪያ ጫማ፣ ከዚያ ዥዋዥዌ» ማለት ነው። «በሥዕል ከለመደ ለመናገር ይሰንፋል» የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ ሐሳቡን መግለጫ ያገኘ ልጅ ብስጭቱም ይቀንሳል።

ጩኸት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ከረሜላ ተከልክሎ የሚያለቅስ ልጅ ከረሜላውን ሲያገኝ ዝም ይላል፣ በጣቶቹ መሐልም ያይዎታል። ሚኒባስ ውስጥ የረዳቱ ጥሪ፣ የሬዲዮው ድምፅና የሰው ግፊያ ተደራርበውበት ጆሮውን የያዘው ልጅ ግን ከረሜላ ቢሰጡትም አይሰማም፤ አቅሙ አልቋል። ያን ጊዜ ምክርም ቁጣም አይገባውም። ወርዶ ጸጥ ያለ ጥግ መፈለግ፣ ንግግር መቀነስ ነው። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ልጅ ሲያጋጥም ደግሞ ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ የሆድ ድርቀቱን ማስመርመር ይቀድማል፤ ሕመሙን የሚናገርበት ቃል የለውምና። ንግግር የዘገየበትም ልጅ መስማቱ አስቀድሞ ይመርመር።

እናቶችን እንቅልፍ የሚነሳው «ምን አድርጌ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ኦቲዝም ከአንጎል እድገት የሚመጣ ልዩነት ነው፤ የዘር ውርስም ትልቅ ድርሻ አለው። እርግማንም፣ ቡዳም፣ የእናት ቅዝቃዜም አያመጡትም። በነገራችን ላይ ይህን የመጨረሻውን ሐኪሞች ራሳቸው ለዓመታት ሲያወሩት ኖረዋል። ክትባትም አያመጣውም፤ ያንን ወሬ የጀመረውን እ.ኤ.አ. የ1998 ጽሑፍ ያሳተመው መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል። ፀበል የሚወስድም ይውሰድ፤ ሥልጠናውን ግን አያቋርጥ፣ ልጁንም ቤት አይዝጋበት።

አዲስ አበባ ውስጥ ለእነዚህ ልጆች መላ ከፈለጉት አንዷ ዘሚ የኑስ ናት። የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የነበራት ዘሚ፣ ለራሷ ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት ስታጣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። የፊደላችንን ድምፅ መነሻ ያደረገ «አቡጊዳ» የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅታለች። እ.ኤ.አ. በ2021 አረፈች። ከጆይ በኋላ ወላጆች ተሰባስበው ያቋቋሙት የነህምያ ማዕከልም አለ። ሁለቱም ለሁሉም አይበቁም፤ የክፍለ ሀገር ወላጅማ በአብዛኛው አስተማሪውም ሐኪሙም ራሱ ነው።

ፍሪጁ ጋ የቆመችው እናት ያን ዕለት ማታ ልጇ እንደገና እጇን ሲይዝ ጎንበስ አለች። «ውሃ ስጪኝ» አለች በእሱ ቦታ ሆና፤ ቀዳችለት። እሱ «ትፈልጋለህ» ብሎ ጠጣ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ብርጭቆውን ሳያይ፣ «ስጪኝ» አለ።