«ሆል ኢን ዘ ዎል»፦ ለትንሽ ምግብ ቤት ሙገሳ ነው ወይስ ንቀት?

በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ በሚገኘው ዲንኪታውን ሰፈር፣ በሁለት ሕንጻዎች መካከል የተሸጎጠች አንዲት ቁርስ ቤት አለች። እአአ በ1950 የተከፈተችው ይህች ቤት አልስ ብሬክፋስት ትባላለች። ስፋቷ ሦስት ሜትር ገደማ ነው፤ መቀመጫዎቿም 14 ብቻ ናቸው። ተራ የሚጠብቁ ደንበኞች ከሚመገቡት ጀርባ ይቆማሉ። አብረው የመጡ ሰዎች ጎን ለጎን እንዲቀመጡ ሲባልም ሌላው ተመጋቢ ሳህኑን ይዞ ጠጋ እንዲል ይጠየቃል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያለውን ቤት «ሆል ኢን ዘ ዎል» ይሉታል። ቃል በቃል ሲተረጎም «የግድግዳ ቀዳዳ» ማለት ነው። ፈሊጣዊ ፍቺው ግን ጠባብ፣ ጌጥ የሌለው፣ አላፊ አግዳሚው ልብ ሳይለው የሚያልፈው ምግብ ቤት፣ መጠጥ ቤት ወይም ሱቅ ነው። በአማርኛ «ጉራንጉር ውስጥ ያለች ቤት» የሚለው አነጋገር ይቀርበዋል።

በብሪታኒያ ሐረጉ ሌላ ትርጉምም አለው፤ ግድግዳ ላይ የተገጠመ የኤቲኤም ማሽንን ያመለክታል። ለንደን ውስጥ «ሆል ኢን ዘ ዎል የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የፈለገው ምግብ ሳይሆን ጥሬ ገንዘብ ሊሆን ይችላል።

ከ«ግን» በኋላ የሚመጣው

ሐረጉ ንቀትንም አድናቆትንም ይሸከማል። ብዙውን ጊዜ የሚለያቸው «ግን» የሚለው ቃል ነው፦ «ቤቷ ሆል ኢን ዘ ዎል ናት፤ ግን ምግቧ ወደር የለውም» ሲባል ጥበቱ ራሱ የሙገሳው አካል ይሆናል። አልስ ብሬክፋስት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ2004 የጄምስ ቤርድ ፋውንዴሽን ዘመን ተሻጋሪ ለሆኑ የአሜሪካ ምግብ ቤቶች የሚሰጠውን ሽልማት አግኝታለች።

በሚኒያፖሊስና በአጎራባቿ ሴንት ፖል ኢትዮጵያውያን፣ ሶማሌዎችና ህሞንጎች የከፈቷቸው በርካታ ትናንሽ ምግብ ቤቶች አሉ። እነዚህን ቤቶች በዚህ ሐረግ የሚጠራ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ ሊያመሰግን ፈልጎ ነው። ሆኖም ከሐረጉ ጋር «ዋጋው ርካሽ መሆን አለበት» የሚል ግምት አብሮ ይመጣል። የቤቱ ጥበት ግን ድካሙን አያሳንሰውም፦ የእንጀራ ሊጥ ለመቡካት ቀናት፣ የዶሮ ወጥ ሽንኩርትም ለመብሰል ሰዓታት ይፈልጋል።

ስለዚህ ሐረጉ ለወዳጅ ጥሩ ቤት ለመጠቆም ያገለግላል። ለባለቤቱ ፊት ለፊት ሲነገር ግን ሊያስከፋ ይችላል፤ ለእርሱ ያቺ «ቀዳዳ» የዓመታት ጥሪቱ ልትሆን ትችላለችና።