የሚበላ ነገር የዓይነ ምድርን መልክ ስለ መለወጡ

ለአገር ገዢዎች፥ ለባለ እርሻዎችና ለወረዳ ሹማምንት።

ስለ ዓይነ ምድር መናገር በጨዋ ሰው ፊት ነውር ይመስላል። ዳሩ ግን ሐኪም ሆዱን የታመመውን ሰው አስቀድሞ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ እረኛም የከብቱን ጤንነት ከእበቱ ያውቃል። ሹም በግዛቱ ያለው ሰው በከንቱ እንዳይደነግጥ፥ መደንገጥ በሚገባውም ጊዜ ቸል እንዳይል ማስተማር ስለሚገባው፥ ነገሩን ጠንቅቆ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

አስቀድመን ቡናማው መልክ ከወዴት እንደሚመጣ እናስተውል። በሰውነታችን ያረጀ ቀይ ደም ሲፈርስ ጉበት ከርሱ የወጣውን ቢጫ ቀለም ከሐሞት ጋራ ወደ አንጀት ይልከዋል። በአንጀትም የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሐዋስያን ለውጠው ቡናማ ያደርጉታል። ስለዚህ በተቅማጥ ጊዜ ምግብ ፈጥኖ ሲያልፍ ሐሞቱ ሳይለወጥ ስለሚወጣ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል።

ከዚህ ቀጥሎ ምግብ የሚያመጣውን መልክ እንመልከት። ጎመንና ቆስጣ አብዝቶ የበላ ሰው አረንጓዴ ያያል፤ ይህም የቅጠሉ ቀለም ነው። ቀይ ሥር የበላ ደም የመሰለ ቀይ ያያል፤ ከመቶ ሰውም ከ10 እስከ 14 የሚሆኑት ሽንታቸው ሳይቀር ይቀላል። ካሮትና ዱባ ወደ ብርቱካን መልክ ይስቡታል። የበቆሎ ገለፈት፥ የቲማቲም ልጣጭ፥ ሳይደቅ የተዋጠ ተልባም እንዳለ ይወጣል፤ የሰው ሆድ ገለፈትን ለማላም ኃይል የለውምና። እነዚህ ሁሉ በሽታ አይደሉም፤ ምግቡን የተወ ሰው በሁለት ወይም በሦስት ቀን መልኩ ሲመለስ ያየዋል።

በተለይ ግን ስለ ነፍሰ ጡር ሴቶች ማስታወስ ይገባል። ደም እንዳያንሳቸው በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት ያለበት ክኒን እንዲውጡ ይመከራሉ። ብረቱ ዓይነ ምድርን ያጠቁረዋል። ይህን ያልተነገራት ሴት ክኒኑ የመረዛት መስሏት ትጥለዋለች፤ በወሊድ ጊዜም ደም ያነሳት ሆና ትገኛለች። አንዲት ቃል አስቀድሞ ብትነገራት ግን ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

እንግዲህ የበሽታን ምልክት ከምግብ ቀለም መለየት ያስፈልጋል። ብረት ሳይዋጥ ጠቁሮ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና ክፉ ሽታ ያለው ከሆነ፥ ከጨጓራ የወረደ ደም ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ቀይ ሥር ሳይበላ ደምና ንፍጥ የተቀላቀለበት ከሆነ የደም ተቅማጥ ሊሆን ይችላል። እንደ ነጭ ጭቃ ሲነጣ፥ ዓይንም ቢጫ ሲሆንና ሽንት ሲጠቁር፥ የሐሞት መንገድ መዘጋቱን ወይም ጉበት መታመሙን ያመለክታል። ሩዝ የታጠበበትን ውሃ የመሰለ ብዙ ተቅማጥ የኮሌራ ምልክት ነው፤ በሽተኛው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላልና ጨውና ስኳር በልክ የተበጠበጠበትን የሕክምና ውሃ እያጠጡ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ፥ ለወረዳውም ወዲያው ማስታወቅ ግዴታ ነው።

ባለ እርሻን ይልቁንም የሚመለከተው የኮሶ ትል ነው። በዓይነ ምድር ላይ እንደ ጥብጣብ ቁራጭ ያለ ነጭና ጠፍጣፋ ነገር ሲንቀሳቀስ ቢታይ፥ ያልላመ ምግብ ሳይሆን እንቁላል የተሞላ የትሉ አካል ነው። ሰው በመስክ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ በሣር ላይ ይቀራል፤ ከብቱም ከሣሩ ጋራ ይበላዋል። በሥጋው ውስጥም የአተር ፍሬ የምታህል ውሃ የቋጠረች ከረጢት ይሆናል። ያን ሥጋ ጥሬውን የበላ ሰው ደግሞ ትሉን ያበቅላል። ሩዶልፍ ሎይካርት የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በ1860ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር የትሉን አካል ለጥጃ አብልቶ ይህን አስረድቷል። አባቶቻችን የኮሶን አበባ ይጠጡ ነበር፤ ነገር ግን መጠኑ ሲያልፍ ይጐዳል። በዛሬው ጊዜ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል።

የከብት እበትም እንዲሁ መኖውን ይመስላል። በክረምት ለምለም ሣር ሲበላ ይቀጥናል፥ ይለመልማልም፤ በበጋ ጭድ ሲበላ ይጠነክራል፥ ይጠቁራልም። መኖው ሳይለወጥ ቢቀጥን ወይም ደም ቢታይበት ግን የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። በየእርሻው ለሠራተኞች መጸዳጃ ቤት ይቆፈር፤ ሥጋ ታርዶ ሳይመረመር አይሸጥ፥ በሚገባም ሳይበስል አይበላ፤ በየገበያውና በየስብሰባው ከዚህ በላይ የተጻፈው ለሕዝቡ በግልጽ ቋንቋ ይነገር። በዓይነ ምድሩ የደነገጠ ሰውም አስቀድሞ «ትናንትና ከትናንት ወዲያ ምን በላህ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱ ካላስረዳ ወደ ሐኪም ይላክ።