ያውቁ ኖሯል? ከዲላ ሲደወል የሚከፈለው ለምኑ ነው?

ያውቁ ኖሯል? የመደበኛ ስልክ ቁጥር የዋጋ መለያም ነው። በ046 የአካባቢ መለያ ሥር የዲላ ቁጥሮች በ331፣ የይርጋጨፌ በ332፣ የወናጎ በ333 ይጀምራሉ። የቴሌ ማዞሪያ እነዚህን አኃዞች ሲያነብ ጥሪው የት እንደሚሄድ ይለያል። መድረሻው ከታወቀ ታሪፉም ታወቀ ማለት ነው።

ያውቁ ኖሯል? እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ ዲላ የምትጠራው በ06-31 ነበር። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ቁጥሮች ሲረዝሙ 046-331 ሆነች። በሞባይሉ ዘርፍ ደግሞ 0916 ለደቡብ ተመደበ።

ያውቁ ኖሯል? በብዙ አገሮች በቀድሞው ማዞሪያ ውስጥ እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ትንሽ ቆጣሪ ነበረው። ቆጣሪውን የሚያንቀሳቅሰው አንድ የኤሌክትሪክ ምት አንድ ዋጋ ነው። ለቅርብ ጥሪ ምቱ ዘግየት እያለ፣ ለሩቅ ጥሪ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። የሩቁ ጥሪ የተወደደውም በዚሁ ነው። በየጊዜው ቆጣሪዎቹ በረድፍ በረድፋቸው ፎቶ ይነሡና ካለፈው ንባብ ጋር ያለው ልዩነት ሒሳብ ይሆናል። ይህ ቆጣሪ እንደ መብራት ቆጣሪ ቤት ግድግዳ ላይ የሚታይ አልነበረም። ደንበኛው «ይህን ያህል አልደወልኩም» ብሎ ቢከራከር የሚያሳየው ነገር አልነበረውም።

ያውቁ ኖሯል? በንግድ ሥራ ላይ የዋለውን የመጀመሪያውን አውቶማቲክ ማዞሪያ የፈለሰፈው አሜሪካዊው አልሞን ስትሮውጀር ነው። ሥራው ቀብር ማስፈጸም ነበር!

ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ1927 ለንደንና ኒውዮርክ በስልክ ሲገናኙ ሦስት ደቂቃ 75 ዶላር ያስከፍል ነበር። በኦፕሬተር በኩል ለሚሄድ የሩቅ ጥሪ ሦስት ደቂቃ ዝቅተኛው ሒሳብ ሆኖ ለረጅም ዘመን ቆይቷል። «ደኅና ነኝ» ብሎ የዘጋም የሦስቱን ይከፍል ነበር።

ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ1958 ንግሥት ኤልሳቤጥ ያለ ኦፕሬተር ከብሪስቶል ኤድንብራ ደወሉ። ንግግሩ 2 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ፈጀ፤ ዋጋው አሥር ፔኒ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? ሒሳብ የሚጀምረው የተደወለለት ሰው ሲያነሣ ነው። ያለ አንዲት ሳንቲም መልእክት የሚያደርሰው «ሚስድ ኮል» የተወለደው ከዚሁ ነው። የእኛ ሰው ይህን ቀዳዳ ያገኘው ማንም ሳያስተምረው ነው። ኋላ ላይ ኢትዮ ቴሌኮም ራሱ *807* ብሎ «መልሰህ ደውልልኝ» የሚል አገልግሎት አቀረበ።

ያውቁ ኖሯል? ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀምር የጥቂቶች ዕቃ ነበር። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የደቂቃውን ዋጋ ከ83 ሳንቲም ወደ 50 ሳንቲም አወረደው። ዛሬ በሞባይል ከዲላ ወናጎ ተደወለ መቀሌ፣ ርቀት ሒሳቡ ውስጥ የለበትም። ለእኔ ከሁሉም ትልቁ ለውጥ ይኸኛው ነው።

ያውቁ ኖሯል? ነፃ ጥሪ ማለት የማይከፈልበት ጥሪ ማለት አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የገበሬዎች መስመር 8028 ለደዋዩ ነፃ ነው፤ የከፋዩ ቦታ ብቻ ተቀይሯል።

የቀረው ጉዳይ በቅድሚያ የሚገዛው የደቂቃ ጥቅል ነው። ደቂቃው ረክሷል፤ ነገር ግን የ24 ሰዓት ጥቅል ሰዓቱ ሲሞላ ያልተነገረበት ደቂቃ ከነገንዘቡ ይሄዳል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ከዋጋው አስቀድመው የሚያበቃበትን ሰዓት ያንብቡ።