ሌባው ጉልበተኛ ከሆነስ? በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ያልተለመደ ገጸ ባህሪን ለውጊያ ማብቃት

አራት ሰዓት ሙሉ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠው፣ ተራቸው በደረሰ ቁጥር "ሳትኩ" ከማለት ሌላ ሥራ ያጡ ተጫዋቾች አሉ። የፈጠሩት ገጸ ባህሪ ታሪኩ ያምራል፣ ውጊያ ሲመጣ ግን አይረባም። ጓደኞቻቸውም "ቀይረው በቃ" ይሏቸዋል። ከመቀየራችሁ በፊት ግን ይችን አንብቡ።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እ.ኤ.አ በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያወጡት፣ ተጫዋቾች በገጸ ባህሪ ተመስለው ባለ 20 ገጽ ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። እዚህ የምናወራው በ2014 ስለወጣው አምስተኛው እትም ነው።

ምሳሌያችን "ሮግ" ይሁን፤ ሌባና ሰላይ የሆነው ገጸ ባህሪ። ሁሉም ሰው ሮግን ሲሠራ ትልቁን ቁጥር ቅልጥፍና ላይ ያደርጋል። የእኛ ሰው ግን ጡንቸኛ ነው። ኪስ አያወልቅም፣ አንቆ ይይዛል። እንዲህ ዓይነቱ ሮግ አይሠራም የሚሉ ብዙ ናቸው። እስቲ ሕጉን እንየው።

የሮግ ዋናው መሣሪያ "ስኒክ አታክ" ነው። በአንድ ተራ አንዴ ብቻ የሚጨመር ጉዳት ሲሆን፣ አምስተኛ ደረጃ ላይ ሦስት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይደርሳል። ሕጉ የሚጠይቀው መሣሪያው "ፊነስ" የሚባለው ዓይነት ወይም ከርቀት የሚመታ እንዲሆን ነው እንጂ በቅልጥፍና ምቱ አይልም። ራፒየር የሚባለውን ቀጭን ሰይፍ በጉልበት ብትሰነዝሩትም ስኒክ አታኩ ይሠራል። ብዙ ሰው የሚያልፋት ነጥብ ይቺ ናት።

ቀጥሎ ቁጥሩ። የተራራ ድዋርፍ ምረጡ። ጉልበትና ጽናት ላይ ሁለት ሁለት ይጨምርላችኋል፣ በዚያ ላይ ሮግ የማይፈቀድለትን መካከለኛ ጥሩር መልበስ ይችላል። ከተለመደው የቁጥር ድርድር 15ን ለጉልበት፣ 14ን ለጽናት፣ 13ን ለቅልጥፍና ስጡ። አራተኛ ደረጃ ላይ የምታገኙትን ሁለት ነጥብ አንዱን ጉልበት፣ አንዱን ቅልጥፍና ላይ አድርጉት። ጉልበት 18፣ ቅልጥፍና 14 ሆነ ማለት ነው። ብረስትፕሌት የሚባለውን የደረት ጥሩር ስትለብሱ መከላከያችሁ 16 ይደርሳል፣ ድብቅነታችሁንም አይጎዳም።

አሁን ወደ ትግሉ እንምጣ። ሮግ በሁለት ሙያዎች ላይ ሥልጠናውን እጥፍ ማድረግ ይችላል። አንዱን አትሌቲክስ ላይ አድርጉት። አምስተኛ ደረጃ ላይ ዳይሱ ላይ 10 ትጨምራላችሁ። ኦገር የሚባለው ግዙፍ ጭራቅ የሚጨምረው 4 ነው። ስሌቱ ሲሠራ 74 በመቶ ያህሉን ጊዜ ትይዙታላችሁ። ጉልበቱ 8 የሆነ፣ አትሌቲክስ ያልሠለጠነ የተለመደ ሮግ ግን የሚሳካለት 26 በመቶ ብቻ ነው። "አይረባም" የተባለው ጡንቻ ልዩነቱ ይሄ ነው።

አሠራሩ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ በአንድ እጅ ጨምድዳችሁ ያዙት። በሚቀጥለው ተራ ገፍታችሁ ጣሉት። ከገለበጣችሁት ጥቅም የለውም፤ መጀመሪያ ብትጥሉት በራሱ ተራ ይነሳል። የተያዘ ፍጡር ግን ፍጥነቱ ዜሮ ስለሚሆን መነሳት አይችልም። በወደቀ ጠላት ላይ በቅርብ የሚመታ ሁሉ ሁለት ዳይስ ጥሎ ትልቁን ይወስዳል። 11 እና ከዚያ በላይ የሚፈልግ ምት ከ50 ወደ 75 በመቶ ያድጋል። ኦገሩ ደግሞ እናንተን ሲመታ ሁለት ጥሎ ትንሹን ይወስዳል፤ የመምታት ዕድሉ ከ55 ወደ 30 በመቶ ይወርዳል። ልላቀቅ ካለ ሙሉ ተራውን ያጠፋል፣ የሚሳካለትም 23 በመቶ ያህል ነው።

ሁልጊዜ ግን አያዋጣም። መያዝና መጣል ሁለት ተራ ይበላል። ጓደኛችሁ ከጠላቱ አጠገብ ከቆመ ስኒክ አታኩ ያለ ትግልም ይሠራል፤ "ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ" እንደሚባለው ዝም ብላችሁ ውጉት። ትግሉ የሚያስፈልገው ብቻችሁን ስትሆኑ ነው። ብቻውን ያለ ሮግ ኦገሩን በአራት ተራ ቢወጋው ያለ ስኒክ አታክ በአማካይ 29 ያህል ጉዳት ያደርሳል። በሁለቱ ተራ ይዞ ጥሎ በቀሩት ሁለት ከወጋው 37 ይደርሳል። ሌላው ጊዜ፣ በቅርብ የሚዋጉ ብዙ ጓደኞች ሲኖሯችሁ ወይም ጭራቁ ወደ ቆሰለው ጓደኛችሁ እንዳይሄድ ማስቀረት ስትፈልጉ ነው።

ሦስት ማስጠንቀቂያ፦

1. ቀስተኛ ጓደኛ ካላችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በወደቀ ጠላት ላይ ከርቀት መወርወር ይከብዳል። እናንተ ስትጥሉት እሱን ሥራ ታስፈቱታላችሁ።

2. መያዝ የሚቻለው ከእናንተ በመጠን አንድ ደረጃ ብቻ የሚበልጠውን ነው። ትልልቅ ድራጎኖችን እርሱት። መናፍስትም አይያዙም፣ አይወድቁምም።

3. በ2024 የወጣውን መጽሐፍ የምትጫወቱ ከሆነ ሕጉ ተቀይሯል። አሁን ጠላቱ ነው ዳይስ ጥሎ ለማምለጥ የሚሞክረው፣ የአትሌቲክስ እጥፍ ሥልጠናችሁም አይቆጠርም። ከላይ ባለው ምሳሌ የመያዝ ዕድላችሁ ከ74 ወደ 50 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ የትኛውን እትም እንደምትጫወቱ ጨዋታ መሪውን ጠይቁ።

ቶሎ መጨረስ ለምትፈልጉ፣ ከሮግ ጎን ሁለት ደረጃ ተዋጊ ጨምሩ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ከእያንዳንዱ ዕረፍት በኋላ አንዴ ተጨማሪ እርምጃ ይሰጣችኋል፤ መያዙንም መጣሉንም በአንድ ተራ ታደርጉታላችሁ። ዋጋው የስኒክ አታኩ ዕድገት በሁለት ደረጃ መዘግየቱ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ለሮግ ብቻ አይደለም። ገጸ ባህሪያችሁ ደካማ ሲመስላችሁ ሌሎች የሚሠሩትን እንዲሠራ አታስገድዱት። ቁጥሩ የት ላይ ከፍ እንዳለ እዩ፣ ያ ቁጥር በውጊያ ውስጥ ምን ያስፈቅዳል ብላችሁ ሕጉን ፈልጉ፣ ከዚያ ለጓደኞቻችሁ ንገሩ። የወደዳችሁትን ሰው ቀዳችሁ ከመጣል ይሻላል።

እናንተስ "ይሄ አይሆንም" የተባለ ምን ገጸ ባህሪ አላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ቁጥሩን አብረን እናያለን። ለጨዋታ ጓደኞቻችሁም ሼር አድርጉ።