ዕጣን፦ ከመተማ ቆላ እስከ ወረታ ፍም

ወረታ ገበያ ላይ በትንሽ መስፈሪያ እየተሰፈረ የሚሸጠው ነጭ ዕጣን የፎገራ ሜዳ ምርት አይደለም። በርብና በጉማራ ወንዞች የሚጥለቀለቀው ጥቁር አፈር ለሩዝና ለከብት እንጂ ለዕጣን ዛፍ አይስማማም። ዛፉ የሚወደው ሙቀትና ድንጋያማ ተዳፋት ነው፤ መገኛውም በስተምዕራብ የመተማና የቋራ ቆላ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ሑመራና ትግራይ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፈራ ይባላል።

ክረምቱ ሲያልፍ ሠራተኞች የዛፉን ቅርፊት በስለታም መሣሪያ በትንሽ በትንሹ ይፍቃሉ። ከቁስሉ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣና አየር ሲያገኘው ይጠነክራል። ዛፉ ይህን የሚያደርገው ቁስሉን ለመዝጋት ነው። የደረቀው ተለቅሞ ቁስሉ እንደገና ይፋቃል፤ በጋው እስኪያልቅም እንዲሁ ይቀጥላል። ከዚያ በመጋዘን ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች፣ በቀለምና በመጠን ይለዩታል። ነጭና ትልልቅ የሆነው ውድ ነው፤ ቅርፊት የተቀላቀለበት ፍርፋሪ ደግሞ ይረክሳል።

የጥንት ግብፃውያን ለቤተ መቅደሳቸው የፈለጉት ሙጫ ከዚሁ ከቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ካለው ምድር ይመጣ ነበር። ንግሥት ሐትሸፕሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት ፑንት ወደተባለ አገር መርከቦች ልካለች፤ መርከበኞቹ የሽቱ ዛፎችን ከነሥራቸው በቅርጫት ተሸክመው ሲመለሱ በዴር ኤል ባሕሪ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይታያል። ፑንት የት ነበረች? ክርክሩ ረጅም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 የወጣ ጥናት ግብፅ ውስጥ አስከሬናቸው የተገኘ ዝንጀሮዎችን ጥርስና አጥንት መርምሮ፣ ትውልዳቸው ዛሬ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ወደሚባለው ምድር እንደሚያመለክት አሳይቷል። ከፑንት ዝንጀሮም ዕጣንም ይጫን ስለነበር ማስረጃው ቀላል አይደለም።

ፕሉታርክ የተባለው ግሪካዊ ጸሐፊ እንደሚለው ግብፃውያን ጠዋት ሙጫ፣ ቀትር ላይ ከርቤ፣ ማታ ደግሞ ኪፊ ያጥኑ ነበር። ኪፊ ቅምም ነው፤ ወይን ጠጅ፣ ዘቢብ፣ ማር፣ ከርቤና ሌሎች መዓዛማ ነገሮች ይገቡበታል። አዘገጃጀቱ በኤድፉ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ተጽፏል።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ዕጣን ውስጥ በቀላሉ የሚተን ዘይት፣ ሙጫና በውሃ የሚሟሟ ማጣበቂያ አሉ። ደስ የሚለው መዓዛ ቀድሞ የሚወጣው ከዘይቱ ነው። ፍሙ እንደነደደ ዕጣኑን ብንጥልበት ዘይቱ ባንዴ ተኖ ያልቅና ማጣበቂያው ያርራል፤ ያን ጊዜ የሚሸተን ዕጣን ሳይሆን ቃጠሎ ነው። ስለዚህ ከሰሉ ውጭ በደንብ ይቀጣጠል፣ አመድ ይልበስ፣ ከዚያ ማጨሻው ላይ ይቀመጥና ሁለት ሦስት ፍሬ ይጨመርበት። ሲያንስ እንደገና መጨመር ነው። ቡና ሲፈላ ለአቦል ያጤሱት ለበረካ እንዲደርስ ብሎ እፍኝ ሙሉ መጣል ጥሩውን ዕጣን ማባከን ነው ባይ ነኝ። በቤተ ክርስቲያንም ካህኑ ጽናው ላይ የሚጨምረው በጥቂት በጥቂቱ ነው።

ጭሱ ጭስ መሆኑ ግን አይረሳ። መዓዛው ስላማረ ሳንባን አይምርም፤ አስም ላለበት ሰውና ለሕፃን ይከብዳል። ከሁሉ የሚያሰጋው ከሰሉ ነው፤ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውምና በዝናብ ወራት በርና መስኮት ዘግቶ ፍም ይዞ መተኛት ይገድላል። መስኮት ይከፈት፤ ቡናው ሲያበቃም ማጨሻው ወደ ውጭ ይውጣ።

ዛፉ ራሱ አደጋ ላይ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት በአብዛኞቹ የዕጣን ደኖች ወጣት ዛፍ እንደሌለ አረጋግጦ፣ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ችግኙን ከብት ይበላዋል፣ የበጋ ቃጠሎ ያጠፋዋል፤ ያደገውን ደግሞ ጥንዚዛ ይቦረቡረዋል። አብዝቶ የተፋቀ ዛፍ ጉልበቱን ሙጫ ለማፍሰስ ስለሚያውለው የሚሰጠው ዘር ጥቂትና ደካማ ይሆናል። መድኃኒቱ ይታወቃል፦ ደኑን ከከብትና ከእሳት ከልሎ መጠበቅ፣ በአንድ ዛፍ ላይ የሚፋቀውን ቦታ መቀነስ፣ የተፋቀውንም ለዓመታት ማሳረፍ። ይህን የሚያደርግ ገበሬ ለዚያ ጊዜ ገቢው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ንጹሕ ዕጣን ስንገዛ ዋጋው ከፍ ቢል ልንከፍል ይገባናል።